የቁም ለቅሶ

ሶፋው በሩ ላይ ተቀረቀረ። ግማሹ ውጭ፣ ግማሹ ውስጥ ሆኖ፣ አንዱ ጫኝ ከፊት ይጎትታል፣ ሌላው ከኋላ ይገፋል፤ አምሃ ደግሞ እጁን ኪሱ ከትቶ «ወደ ግራ! ወደ ግራ አልኩህ እኮ!» እያለ ያዛል። ይህ ሶፋ በዚህ በር ከገባ ሃያ ምናምን ዓመቱ ነው። እንዴት አድርጎ እንደገባ የሚያውቁት አቶ ኃይለ መስቀል ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ ከጓዳው ጎን ባለችው ክፍል በጀርባቸው ተንጋለው ጣሪያ ያያሉ።

እህቱ ሰገነት የመጻሕፍት ካርቶን ታቅፋ ከሶፋው ኋላ ቆማለች። መውጫ አጥታለች።

«አምሃ፣ ሶፋው የት ሊሄድ ነው?»

«ውጭ።»

«ውጭማ አየሁ። እኔ ሐዋሳ የምወስደው አልጋዬንና ካርቶኖቼን ነው እኮ። ይሄን ሁሉ የት ላደርገው?»

«ላንቺ ነው ያለሽ ማን ነው?» ሳቅ አለ። «ሳሎኑን ለአባባ ልናሰፋለት ነው። ፀሐይ የሚገባው እዚህ ነው፤ አልጋውን እናመጣለታለን፣ ግድግዳውን ቀለም እናስቀባለታለን። አንቺ ዛሬ እንኳ አታስቢ፤ ሰባት ዓመት ያሰብሽው ይበቃሻል።»

ይህን ሲላት ዓይኗ እንባ አቀረረ። ምን ታድርግ! ደግ ቃል ለለመደው ሰው እንደ ውሃ ነው፤ ላልለመደው ግን እንደ ጠላ ራስ ላይ ይወጣል። ካርቶኑን አስቀምጣ የሶፋውን እግር አነሳችለት። እሷ ከታች ስታነሳው ሶፋው ሸርተት ብሎ ወጣና የጥቅምት ውርጭ ያረፈበት ሣር ላይ ተቀመጠ።

ሰገነት የአቶ ኃይለ መስቀል የመጀመሪያ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው የዓሣን ነገር ነው። አዎ፣ ዓሣ! እንዴት እንደሚራባ፣ ሐይቅ ሲታመም ዓሣው ላይ ምን ምልክት እንደሚታይ። የተማረችው ይህን ሆኖ የኖረችው ግን ኮተቤ ዳገት ላይ ነው፤ ክረምት በቦይ ከሚወርደው ጎርፍ በቀር ውሃ የሚባል ነገር በማይታይበት። ሁለት ጊዜ ሐዋሳ ሥራ አግኝታ ነበር። አንደኛው እናቷ ሲሞቱ ቀረ። ሁለተኛው ጊዜ ሻንጣዋን ዘግታ ሳለ አባቷን ስትሮክ መታቸው፤ ግማሽ ጎናቸው ከዳቸው፣ ምላሳቸው ተሳሰረ። ከዚያ ወዲህ እዚያው ሰፈር ባዮሎጂ እያስተማረች፣ ጠዋት አባቷን አጥባ፣ በምሳ ሰዓት ሮጣ መጥታ ገልብጣ፣ ማታ አብልታ፣ እንዲህ እንዲህ ስትል ጸጉሯ ሸበተ። የሰፈሩ ሰው «ዓሣዋ» ይላታል። ለቀልድ ነው፣ ክፋት የለበትም፤ እሷም ትስቅላቸዋለች።

ሦስተኛው ዕድል ነሐሴ ላይ መጣ። ሐይቁ ዳር ካለ አንድ የምርምር ቦታ ነው የጠሯት። አርባ አንድ ዓመቷ ነው፤ አራተኛ ጥሪ እንደማይኖር ልቧ ያውቀዋል። እምቢ ልትል ስልኩን አንስታ ሳለ አምሃና ታናሿ ሐመልማል ተያይዘው መጡ። ሁለቱም ሲ.ኤም.ሲ. ነው የሚኖሩት፤ በታክሲ አንድ እፍኝ ቆሎ ተቆርጥሞ ሳያልቅ የሚደረስበት መንገድ ነው፤ ግን ከዓመት በዓል ወደ ዓመት በዓል ካልሆነ አይታዩም። ያን ቀን ያለ በዓል መጡ። «ሂጂ» አሏት። «እኛ የለንም እንዴ? ያንቺ አባት ብቻ ነው እንዴ?» ሐመልማል አስታማሚ ልትቀጥር፣ አምሃ ማታ ማታ እየመጣ ሊያድር ተስማሙ። ሰገነት ማመን ፈልጋ ነበርና አመነች።

በስልክ ፎቶ አይታ ክፍል ተከራየች። አንዲት ክፍል ናት፤ በመስኮቷ በዛፎቹ መሀል ሐይቁ በቁራጭ ይታያል። አከራይዋ ሴትዮ «ብቻሽን ነሽ አይደል የኔ ልጅ? ክፍሏ ለአንድ ሰው ናት» ሲሏት «ብቻዬን ነኝ» አለች። ስልኩን ከዘጋችም በኋላ ለራሷ ደገመችው፤ ብቻዬን ነኝ። ሌላው ሰው እንዲህ ብሎ ያለቅሳል፤ እሷ ጓዳ ገብታ በሩን ዘግታ ሳቀች።

ዛሬ አባቷን ከወትሮው አስቀድማ ነው ያጠበቻቸው። ጀርባቸውን ቅባት ቀብታ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ አጥሚቱን በማንኪያ እያጎረሰች «አባባ፣ ዛሬ እኮ ነው የምሄደው» አለቻቸው። አቶ ኃይለ መስቀል አጥሚቱን ዋጡ። በዚያ በተሳሰረው ምላሳቸው «አምሃ መጣ?» አሉ።

ሁልጊዜ እንደዚህ ናቸው። አምሃ በፋሲካ አንዴ ብቅ ሲል ትራስ ይደገፍልኝ፣ ጺሜ ይላጭልኝ ይላሉ፤ ዓይናቸው ይበራል፤ ከእሷ እጅ ሲሆን የሚያንቃቸው ውሃ ከእሱ እጅ ሲሆን ይወርድላቸዋል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ። ሰገነት ይህን ለምዳዋለች፤ ቢያንስ ለምጄዋለሁ ትላለች።

«ይመጣል አባባ» ብላ አፋቸውን ጠረገችላቸው።

አሁን ግቢው ሞልቷል። ከሶፋው ጎን ቡፌው ወጣ፣ ከቡፌው ጎን ወንበሮቹ፣ ከወንበሮቹ ላይ የተጠቀለለው ምንጣፍ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከበሩ ማዶ የአምሃና የሐመልማል መኪኖች ቆመዋል። የሰገነትን ጓዝ የሚጭነው አይሱዙ የኋላ ጎኑን ለአባትየው መስኮት ሰጥቶ ግቢ ውስጥ ቆሟል፤ ሾፌሩ ፍሮምሳ ጋቢናው ውስጥ ሆኖ «እህት፣ ቶሎ በሉ እንጂ! ከረፈደ መንገድ ያስቆሙናል!» ይላል። ሐመልማል ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋን በመሐረብ እየጠረገች፣ ዓይኗ ቀልቶ፣ ከቤት ትወጣለች፣ ትገባለች።

እስቲ ይታያችሁ። ማለዳ ነው። በር ተከፍቷል። ዓመት ሙሉ የማይመጡ ልጆች መኪናቸውን አቁመዋል። አንዷ ዓይኗ ቀልቷል። የሳሎን ዕቃ ግቢ ተደርድሯል። የሳሎን ዕቃ በማለዳ የሚወጣው መቼ ነው? ፍራሽ ሊነጠፍ፣ ለቀስተኛ ሊቀመጥ ሲሆን ነው። ውስጥ ደግሞ ሰባት ዓመት የተኛ በሽተኛ እንዳለ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ለዚህ ምን ጥሩንባ ያስፈልጋል!

ወይዘሮ ብርቄ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ በበሩ አለፈች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ተመለሰችና አየች። ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ከዚያ ያ በሰፈሩ የታወቀ ድምጿ ወጣ፦

«ወየው! ወየው ጋሼ ኃይለ መስቀል! ሳልሰናበትዎ! የተጣላውን ማን ያስታርቅልን? ወየው የኮተቤ ዋርካ!»

የብርቄን ድምፅ የሰማ ጎረቤት አልቀረም። ከላይ ቤት፣ ከታች ቤት፣ ከወፍጮ ቤቱ ሴቶቹ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ፣ ወንዶቹ ኮፍያቸውን እያወለቁ ተከታትለው ገቡ።

ሰገነት በዚያን ጊዜ አይሱዙው ላይ ወጥታ ካርቶን ታስተካክል ነበር። የአባቷ ስም በለቅሶ ሲጠራ ሰማች። ሰው ገብቶ አይቷቸው ነው ብላ አሰበች፤ እኔ ካርቶን ስጭን አባባ ሞተ።

ይህን ልሸፍንላት ብችል በሸፈንኩላት። ከድንጋጤው በፊት፣ ከሐዘኑም በፊት፣ ሌላ ነገር ቀድሞ ደረሰ። እፎይታ ነው። ደረቷ ላይ ተጭኖ የኖረ ነገር ብድግ አለላት። ያ የሐይቅ ቁራጭ ዓይኗ ላይ ሽው አለ፤ በልቧም «እንግዲህ በሰላም እሄዳለሁ» አለች። እንዲህ አለች፤ በደንብ ሰማችው። እንባዋ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከመኪናው እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ለቀስተኛውን እየገፈተረች ገብታ የክፍሉን በር በረገደችው።

አቶ ኃይለ መስቀል ወደ በሩ ዞረው አዩዋት።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሰገነት ግድግዳውን ተደገፈች። «ማንም አልሞተም አባባ።»

«ብርቄ ናት።» ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጡ። «ኃይለ መስቀል… ትላለች።»

«ዕቃ ሲወጣ አይታ ተሳስታ ነው። አሁን አስቆማታለሁ።»

«ተያት።» ደህነኛው የአፋቸው ጎን ፈገግ አለ። ትንሽ አዳመጡ። ውጭ ብርቄ «ወፍራሙ ድንጋይ፣ የደጃችን መደገፊያ» እያለች ነው። «ደህና አድርጋ… ታለቅሳለች» አሉ። ቀጥሎም ዓይናቸውን አነሱና እንደ ሕፃን ጠየቋት፦ «አምሃስ? አለቀሰ?»

ሰገነት ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። ያ በልቧ ያለችው ቃል ፊቷ ላይ ተጽፎ የሚያዩባት መሰላት። ብርድ ልብሱን ያለ ምክንያት አስተካከለች።

«አለቀሰ አባባ» አለች። «በጣም አለቀሰ።»

ግቢ ስትወጣ ነገሩ ታውቆ ብርቄ ጉንጯን በሁለት እጇ እየመታች ነበር። «አፌን ይቁረጠው! በቁማቸው! ሟርተኛ አደረጋችሁኝ እኮ! ሰው ዕቃውን እንዲህ አውጥቶ ይደረድራል?» ከሴቶቹ ገሚሶቹ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ፤ ገሚሶቹ ያማትባሉ። አምሃ ለሁሉም «አይዟችሁ፣ ምንም የለም፣ ግቡ ወደየቤታችሁ» ይላል፤ ግንባሩን ግን በብርድ አልቦታል።

የእድሩ ዳኛ አቶ ቢራቱ የደረሱት ያኔ ነው። ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ገቡና «በሕይወት አሉ» ሲሏቸው ከዘራውን ለሰው ሰጥተው ሦስት ጊዜ አማተቡ።

«ተመስገን! ተመስገን! እኔማ አልጠረጠርኩም ነበር። ዕቃ ወጣ ሲሉኝ በቃ ደረሰባቸው አልኩ። ትናንት አምሃ ደውሎ ያንን ሲጠይቀኝ ጊዜ…»

«ጋሽ ቢራቱ፣ ይተዉት አሁን» አለ አምሃ።

«ምን ጠየቀዎት?» አለች ሰገነት።

ሽማግሌው አንዴ እሱን አንዴ እሷን አዩ። ክፋት አያውቁም፤ መልሱ የሚያስደስታት መስሏቸዋል።

«አባታችን ከሰፈሩ ወጥቶ እንጦጦ ላይ ቢያርፍ እድሩ ያነሳዋል ወይ ብሎኝ ነዋ። እኔም ምን ነካህ አልኩት! እድሩን ያቋቋሙት ማን ሆነው ነው? ከእንጦጦ አይደለም ከየትም እናመጣቸዋለን አልኩት።»

«እንጦጦ ምን ሊሠሩ?» አለች ብርቄ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል፤ ዛሬ ግን ያላወቀችው ባለቤቷ ሰገነት ራሷ ናት። ሐመልማል መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ወደ ቤት ገባች።

አምሃ የእህቱን ክንድ ይዞ ወደ አይሱዙው ኋላ፣ ከመስኮቱ ሥር ወሰዳት።

«ከጸበሉ አጠገብ ነው» አለ ቶሎ ቶሎ። «ክፍሉን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ንጹሕ ነው። ሁለት አስታማሚዎች አሉ። ጸበሉም ይረዳዋል፣ አየሩም…»

«ሳሎኑን ልናሰፋለት ነው አላልክም?»

«ሰጊ…»

«ቤቱስ?»

«ተከራይ ይገባበታል። አስታማሚ በምን ይከፈላል ታዲያ?»

«እሱ ያውቃል?»

«አንቺ ሐዋሳ ከገባሽ በኋላ ልነግረው ነበር።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ብነግርሽ ትቀሪያለሽ። አውቅሻለሁ። እንድትሄጂ ብዬ ነው የዋሸሁት፤ ሙች፣ ለራሴ ብቻ አይደለም።»

ክፋቱ፣ እውነት ነበረበት። ጨርሶ ውሸት ቢሆን ኖሮ ባረፈችው። ሰገነት አየችው፤ ጀርባዋ ላይ አዝላ ያሳደገችውን ልጅ። አስተያየቷ አናደደው መሰል ድምፁ በአንዴ ከፍ አለ፦

«ምን ታዪኛለሽ? ትተሽው ነው እኮ የምትሄጂው! አንቺ ስትተዪው ሥራ ይባላል፣ እኔ ስተወው ኃጢአት?»

ሰገነት ከቤቱ ጣሪያ በላይ ወደ ተራራው ቀና አለች። ባሕር ዛፉ ጭጋግ ለብሷል። እዚያ ላይ፣ የሆነች ክፍል ውስጥ፣ አባቷ በማያውቁት እጅ ሲገለበጡ አየች። ጠዋት ተነስተው «አምሃ መጣ?» ይላሉ። አስታማሚው አምሃ ማን እንደሆነ አያውቅም። «ይመጣል አባባ» የሚላቸው የለም።

መሄድ ትችል ነበር። አሁንም ትችላለች፤ ጓዟ ተጭኗል፣ ፍሮምሳ ሞተሩን አስነስቷል፣ ወንድሟ ሁሉን ጨርሷል፤ አንዲት «እሺ» ብላ ጋቢናው ላይ መውጣት ነው የቀራት። ሌላ ቀን ቢሆን፣ ብርቄ ያን ለቅሶ ባታሰማ፣ ምናልባት ትሄድም ነበር። ግን ያን እፎይታ ሰምታዋለች። በአባቷ ሞት የመጣውን እፎይታ ይዛ ሐይቅ ዳር መቀመጥ እንደማትችል አወቀች።

«አውጡት» አለች።

«ምኑን?»

«አባባን። ከእኔ ጋር ይሄዳል።»

ይህን ብላ ጠበቀች። ምን እንደጠበቀች ታውቃለች። ሰው ምሳ ብላ ሲባል እንኳ ሁለት ሦስት ጊዜ «ኧረ ይቅር» ይላል፤ ወጉ ነው። «ኧረ እንዴት ሆኖ ሰጊ» እንዲላት ጠበቀች። «አንዲት ክፍል ውስጥ? ሥራ ስትሄጂ ማን ያየዋል?» እንዲላት። አንዴ ቢላት ይበቃት ነበር። እንዲያውም አንዴ ቢላት እንጦጦም ቢሆን፣ ሌላም ቢሆን፣ ተቀምጠው ይመክሩበት ነበር።

አምሃ ኮቱን አወለቀ።

«ሐመልማል!» አለ ወደ ቤቱ። «የአባባን ነገሮች አውጪ! ቶሎ በይ፣ መኪናው ሊሄድ ነው!»

ወይ መፋጠን! ሶፋው ያን ያህል ጊዜ የፈጀበት ቤት አባትየውን ለማውጣት አልዘገየም። ሐመልማል ጉንፋኗ የት እንደጠፋ እንጃ፤ ዳይፐሩን በፌስታል፣ ብርድ ልብሱን፣ ትራሱን፣ የሽንት ዕቃውን፣ ቅባቱን ያለ አንድ ስህተት አምጥታ ጋቢናው ውስጥ ከተተች። «የኔ እናት፣ አንቺ እኮ ልዩ ነሽ» ብላ አለቀሰችና እህቷን አንገቷ ላይ ሳመቻት። ከልቧ ነው ያለቀሰችው። ከልብ ማልቀስና መገላገል አብረው አይሄዱም ያለ ማን ነው?

አምሃ አባቱን ለማንም አልሰጠም። ጫኞቹ ሊያግዙት ሲሉ «ተዉት፣ እኔ» አላቸው። በሁለት እጁ እንደ ሕፃን ታቅፏቸው ወጣ። በሰባት ዓመት ውስጥ አባቱን ሲያነሳ የመጀመሪያው ነው፤ የአቶ ኃይለ መስቀል ክብደት እንዴት እንዳለቀ ያኔ ነው ያወቀው፣ ደንግጦ ሰገነትን አያት። ሽማግሌው ደህነኛ እጃቸውን በልጃቸው አንገት ጠምጥመው፣ ራሳቸውን ደረቱ ላይ ጥለው ፊቱን ብቻ ያያሉ።

ለቀስተኞቹ አልሄዱም ነበር። በሩ ድረስ ግራና ቀኝ ቆመዋል። የተዘቀዘቀ ነጠላቸውን ማቃናት ትዝ ያለው የለም። ሬሳ ሲወጣ እንደሚሆነው ሁሉ አምሃ ሲያልፍ ወንዶቹ ኮፍያቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ደፉ። ብርቄ ጥርሷን ነክሳ ቆየች፤ ቆየችና አልቻለችም፤ ያን ጊዜ ለቅሶዋ ወጣ፤ ግጥም የለውም፣ ስም አይጠራም፣ ዝም ብሎ ለቅሶ ነው።

«ተይ ብርቄ፣ ነውር ነው፤ ለቁም ሰው» አሏት አቶ ቢራቱ። ጋቢናው ሲዘጋ በመስኮቱ ተጠግተው የወዳጃቸውን እጅ ያዙ። «ጋሼ፣ በእድርዎ አይስጉ። ከሐዋሳም ቢሆን እናመጣዎታለን።»

ማጽናናታቸው ነበር። አቶ ኃይለ መስቀል ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉ።

አይሱዙው ቁልቁለቱን ወረደ። ሰገነት በበሩ በኩል ተቀምጣ፣ አባቷን በመሀል አድርጋ፣ በጋቢ ከወንበሩ ጋር አስራ፣ ራሳቸው እንዳይወድቅ በትከሻዋ ደግፋለች። የአምሃ መኪና እስከ ሲ.ኤም.ሲ. ተከተላቸው። እዚያ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ጥሩንባ ነፋና ወደ ቤቱ ታጠፈ።

አያትን አልፈው ወደ ጎሮ ሲያቀኑ ፀሐይ ጋቢናው ውስጥ ገባች። ሰገነት ለአከራይዋ ምን እንደምትል ታስባለች። ሰኞ ሥራ ስትገባ በሩን ቆልፋባቸው ትሄድ እንደሆነ ታስባለች። አልጋው አንድ ነው። እሷ መሬት ትተኛለች፤ ይህ ቀላሉ ነው።

«አባባ፣ ይመችዎታል?» አለ ፍሮምሳ።

«ደህና ነኝ ልጄ።» አቶ ኃይለ መስቀል ውጭውን በደስታ ያያሉ፤ ሰባት ዓመት መንገድ አላዩም። ቆይተው «አየሽው?» አሏት።

«ማንን አባባ?»

«አምሃን። ተሸከመኝ።»

«አየሁት።»

«ሲጮህብሽ… በመስኮቱ ሰማሁት። ትተሽው ልትሄጂ ነው ወይ ሲልሽ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። ቃሎቹ አንድ በአንድ፣ በምራቅ ታጥበው ይወጣሉ። «እሱ ባይኖር… ትተሽኝ ነበር።»

ፍሮምሳ መሪውን እንደያዘ ዞር ብሎ አያት። ሁሉን ከጋቢናው ሆኖ ሲያይ ነው ያረፈደው። «አባባ፣ እሷ እኮ ናት…» ብሎ ጀመረ። ሰገነት ራሷን ነቀነቀችበት። ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

«አልፈርድብሽም» አሉ አባትየው። «ሴት ነሽ፣ ደክሞሻል። ግን ወንድ ልጅ ወልጃለሁ።» ደህነኛ እጃቸውን ከጋቢው ውስጥ አወጡና ወደ ላይ ዘረጉ፤ በሽምግልናቸው ዘመን የታረቁትን ሲመርቁ እንደሚያደርጉት። «አምሃ ልጄ… እጁ የነካው ይባረክ። ቤቱ አይጉደል። እኔን እንዳነሳኝ… እሱን ሲወድቅ የሚያነሳ ልጅ ይስጠው።»

ጨርሰው ጠበቁ። እጃቸው አየር ላይ ናት፤ አትወርድም።

«አሜን በዪ እንጂ» አሏት።

ሰገነት ምራቃቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላቸው።

«አሜን» አለች።